ዋዜማው ደርሶ በዓሉ የዘገየባቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ

በአዲስ አበባ ከተማ ካሉት ሰፈሮች መካከል ቂርቆስና ካዛንችስ በስማቸው ብቻ ሁለት ዘመን ያሳያሉ። አንዱ በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ታቦት ተጠርቷል። ሁለተኛው ግን በጠላት ወረራ ጊዜ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የወጣ ነው፤ ካዛ ኢንቺስ የሚለውን የባዕድ ቃል የሕዝብ አፍ አለዝቦ ካዛንችስ አሰኝቶታል። የመጀመሪያውን ስም ታሪክ ካህናት በየዓመቱ ጥር 15 ቀን ከስንክሳር ያነቡታል። የሁለተኛውን ሰፈር ታሪክ ግን ስንክሳር አልጻፈውም፤ ከነገሥታቱም ዜና መዋዕል ውስጥ አይገኝም። በዚያ መሬት ላይ አስቀድሞ ማን ይኖር እንደ ነበረ፣ ቤቱ መቼ እንደ ተሠራ፣ ከድል በኋላ ማን እንደ ገባበት ለማወቅ የሚሻ ሰው መዝገብ ማገላበጥና ያረጀ ጋዜጣ መግለጥ ግድ ይሆንበታል። በ2017 ዓ.ም. በከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንችስ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ብዙው ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወረ ወዲህ ይህ ፍለጋ እንደ ቀድሞው የሽማግሌ ደጃፍ በማንኳኳት ብቻ የሚፈጸም መሆኑ ቀርቷል።

የሰው ትዝታ ከሰውዬው ጋር እንደሚቀበር፣ ዜና መዋዕልም ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ርቆ እንደማይሄድ አስቀድመው ተረድተው፣ ይህን ጉድለት በማተሚያ ለመሙላት ዕድሜያቸውን ከፈጁት ኢትዮጵያውያን መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በፊተኛው ተራ ይቆማሉ። እኚህ ሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውና በልብ ወለድ ድርሰታቸው ይታወቃሉ። ስለ ታሪክ መዝገብ የደከሙት ድካም ግን ከሁለቱም የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም የሚበልጥ ይመስላል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ በመርሐ ቤቴ አውራጃ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረ፤ ከፊደል ጀምረው በሊቃውንቱ እግር ሥር ተቀምጠው የመጽሐፉን ንባብና ትርጓሜ፣ የቅኔውንም መንገድ ተማሩ። ከዚያም ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። ያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ራስ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ገና በድንኳንና በሣር ጎጆ የምትስፋፋ ከተማ ነበረች። ወጣቱ ጸሐፊ በተራራው ላይ ሆነው ከተማዪቱ በእግራቸው ሥር ስትወለድ ለማየት በቁ፤ ይህም ለታሪክ ጸሐፊ ትንሽ ዕድል አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሥራ ምን እንደ ነበረ ለማያውቅ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የአንድ አውራጃ ወሬ የሚጻፍበት ቦታ የደብሩ ወንጌል ኅዳግ ነበረ። ንጉሡ ወይም መስፍኑ የሰጠው ጕልት፣ የመሬቱ ድንበር፣ በዚያ ጊዜ የነበሩት ሹማምንትና ምስክሮች፣ የተሸጠውና የተለወጠው ርስት፣ ለዕቃ ቤቱ የገባው ልብሰ ተክህኖና መስቀል፣ እነዚህ ሁሉ በብራናው ጠርዝና ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ይጻፉ ነበር። መጽሐፉ ቅዱስ ስለ ሆነ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም፤ በሣጥን ስለሚቀመጥም ከጦርና ከእሳት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ዛሬ የጎንደርን ወይም የላስታን የመሬት ሥሪት የሚመረምር ሊቅ ዋና ምንጩ ይኸው የኅዳግ ጽሑፍ ነው። ጉድለቱ ግን አንድ ነበር፤ የተጻፈው በአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ስለ ሆነ መጽሐፉ ቢቃጠል ታሪኩ አብሮ ይቃጠላል፤ ከደብሩም ውጭ ያለ ሰው ሊያነበው አይችልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ወጥተው ወደ ማተሚያው ዘመን የተሻገሩ ሰው ናቸውና የሁለቱን ልዩነት ከብዙ ሰው ይልቅ ያውቁት ነበር።

በዚያው ወራት ጋዜጣ የሚባለው ነገር በኢትዮጵያ ብቅ ማለት ጀመረ። ከኢጣልያ ግዛት ከሐማሴን ወደ ምኒልክ ጥግ የመጡት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጃቸው እየጻፉ ወሬና ምክር የያዘ ወረቀት በከተማው ያሰራጩ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ካቫድያስ የሚባለው የግሪክ ተወላጅ ሳምንታዊ ወረቀት አወጣ፤ እሱም በመጀመሪያ 24 ቅጂ ብቻ በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበርና ንጉሠ ነገሥቱ አእምሮ የሚል ስም ሰጡት። በሐረርም በኩል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1905 የካፑቺን ሚሲዮን አባቶች ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ባቋቋሙት ቤት ውስጥ በፈረንሳይኛ ቋንቋ አንድ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። ይህ የሐረሩ ጋዜጣ ከዋና ከተማ ርቆ የአንድን አውራጃ ወሬ የመዘገበ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ስለ ምሥራቁ ክፍል ንግድና ስለ ምድር ባቡሩ የሚመረምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጀመሪያውን የመዝገብ ሥራቸውን የሠሩት ግን በሰው ላይ ሳይሆን በመጻሕፍት ላይ ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት በስም በስማቸው ቈጥረው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ይህንኑ አስፋፍተው እንደ ገና አወጡት። ስም መቍጠር ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደብር የራሱን መጽሐፍ ብቻ በሚያውቅበት አገር ያሉትን ሁሉ በአንድ ዝርዝር መሰብሰብ አዲስ አሳብ ነበረ፤ የጠፋው መጥፋቱ የሚታወቀው አስቀድሞ መኖሩ የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነውና።

ከዚያ በፊት በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የእንግሊዝን ንጉሥ የጊዮርጊስ አምስተኛን የዘውድ በዓል ለማክበር ወደ ለንደን ሲላኩ ኅሩይ አብረው ሄደው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደው ጋር የተላከው መልእክተኛ ጓድ አባል ሆነው አሜሪካ ደረሱ። በእነዚህ ጉዞዎች ካዩት ሁሉ በልባቸው የቀረው የመርከቡና የፎቁ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ከኋለኛው ሥራቸው መረዳት ይቻላል። በዚያ አገር እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የራሱን ጋዜጣ እያተመ፣ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ተሾመ፣ ድልድዩ መቼ እንደ ተሠራ፣ ገበያው እንዴት እንደ ዋለ ይጽፍ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያን ከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚነሣው ከዚሁ ወረቀት ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው የተሰጣቸው ሹመት ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዳይሬክተር ሆነዋል፤ የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን በሚካሰሱበት በልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት ተቀምጠዋል። በማዘጋጃ ቤት የሠሩበት ጊዜ ከተማዪቱ መልኳን የለወጠችበት ዘመን ነበረ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዚያ ድረስ ሜዳ የነበረው የደቡቡ ክፍል ሰው ይበዛበት ጀመር። ታላቁ የለገሐር ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሀዲዱ ወዲህና ወዲያ፣ እስከ ቂርቆስ ድረስ፣ የሠራተኛው፣ የነጋዴውና የተሸካሚው መንደር እየጠበበ ሄደ። ከተማን የሚያስተዳድር ሰው የቦታ ስም በዐይኑ ፊት ሲለወጥ ያያል፤ ትናንት በአንድ መኰንን ስም ይጠራ የነበረው ሰፈር ነገ በባቡሩ ወይም በወፍጮው ይጠራል፤ የፊተኛውንም ስም የሚያስታውስ እየጠፋ ይሄዳል።

ይህን የመሰለውን መርሳት ለመከላከል በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ አርእስት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንደ ሆነ ይናገራል። አሠራሩ በአገራችን ያልተለመደ ነበረ። ገድል የሚጻፈው ለቅዱስ፣ ዜና መዋዕል የሚጻፈው ለንጉሥ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ ግን ብዙ ሰዎችን፣ መኳንንቱንም ሊቃውንቱንም፣ በስማቸው እያስቀመጠ እያንዳንዱ ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሠራ በጥቂት መስመር ይነግራል። አንዳንዱ ቃል በጣም አጭር ነው፤ ከስምና ከሹመት በቀር ሌላ የለውም። ስለ ሆነም መጽሐፉ ደርቋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስንቱን ሰው ከዚህ መጽሐፍ በቀር በሌላ አላገኙትም። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳተሙ። ቅኔ እንደ ጢስ የሚበን ነገር ነው፤ በማኅሌት ተቀኝተውት በማግስቱ የሚረሳው ከሚታወሰው ይበልጣል። ያ መጽሐፍ ባይታተም ኖሮ ዛሬ ተማሪ በቃሉ የሚይዘው ስንቱ ቅኔ ከባለቤቱ ጋር በተቀበረ ነበር።

በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ ከዚህም ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም የተባለው ጋዜጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቍጥር ወጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበረ፤ ከዚያም ወዲያ በየሐሙሱ ይወጣ ነበር። አዘጋጁ አቶ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚህ ጋዜጣ ውስጥ አዋጁና ደንቡ፣ የመኳንንቱ ሹመትና ጉዞ፣ የውጭ አገር ወሬ፣ የሞቱት ሰዎች ኀዘን፣ የበዓሉ አከባበር ይታተም ነበር፤ ከዚህም ጋራ የተማሩት ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት መቅረት፣ ስለ ሥራ ክብር የሚጽፉት ክርክር ይገኝበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ከጋዜጣው ጸሐፊዎች መካከል ነበሩ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤትም ነበራቸውና ነገሩን ከብዕሩ ብቻ ሳይሆን ከቀለሙና ከእርሳሱ ፊደል ጀምረው ያውቁት ነበር።

የብርሃንና ሰላምን ጋዜጣ ሚዛን በትክክል ለመመዘን ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ጋዜጣው የተጻፈው ለቤተ መንግሥት ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ ነው። የወሎ ገበሬ፣ የጋሞ ሸማኔ ወይም በለገሐር ጭነት የሚያወርደው ሰው በራሱ አንደበት አይናገርበትም፤ አውራጃው የሚነሣው ገዥው ሲሾም ወይም ሲመጣ ነው። እንዲህም ሆኖ በየሳምንቱ መውጣቱ ብቻ ከዜና መዋዕል የማይገኝ አንድ ጥቅም ሰጥቷል። ዜና መዋዕል ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ነው፤ ጸሐፊው መጨረሻውን ስለሚያውቅ የማይመቸውን ይተዋል። የሐሙስ ጋዜጣ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ የሚሆነውን አያውቅምና ከዚያ በኋላ ዋጋ ቢስ ወይም አሳፋሪ ሆኖ የተገኘውን ነገር ሁሉ እንደ ነበረ ይዞ ይቀራል።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ የጉዞ መጻሕፍትም የተጻፉት በዚሁ በጋዜጣ መንፈስ ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ የሄዱበትን ጉዞ «ደስታና ክብር» በሚባለው መጽሐፍ አወጡ። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን አሳተሙ። በልብ ወለዳቸው እንኳ ይህ ልማድ አልተዋቸውም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው «የልብ አሳብ» ስለ ልጅ ጋብቻ፣ በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ስለ መጋጨቱ ይናገራሉ፤ የሠርጉንና የተዝካሩን ወጪ፣ የድግሱንም አኳኋን እንዲህ አብራርቶ የጻፈ ሌላ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ልብ ወለዱ ከሥነ ጽሑፍ ጥበብ አንጻር የሚነቀፍበት ቦታ አለ፤ ገጸ ባሕርዮቹ ከሰውነት ይልቅ ወደ ስብከት የሚያደሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በዘመኑ ሰው ኑሮ ምስክርነቱ ግን እንከን የለበትም።

የዕድሜያቸው ትልቅ ሥራ ሊሆን የታሰበው የኢትዮጵያ ታሪክ ነበረ። ለዚህም መግቢያ እንዲሆን በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ስሙ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሰጠው ስም ነው፤ በማግስቱ የኢትዮጵያን ነገሥታት የታሪክ በዓል ለማክበር የተቆመ ዋዜማ ማለታቸው እንደ ሆነ ከአርእስቱ ይታያል። በዓሉ ዋናው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ዋዜማውን አንባቢው ተቀበለ፤ ለበዓሉም ይጠባበቅ ጀመር። ነገር ግን ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነበርና የብዕራቸው ጊዜ ተሻማባቸው። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የሚኒስትሩ ቀንና ሌሊት ወደ ዤኔቭ በሚላከውና ከዤኔቭ በሚመጣው ደብዳቤ ተያዘ።

የታሪኩ መጽሐፍ በማተሚያ ላይ ሳለ ጠላት አገሩን ያዘ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ብላቴን ጌታ ኅሩይም አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የኢጣልያ ጦር ከተማውን ገባ። መጽሐፉ ለሕዝብ ሳይታደል ቀረ፤ ታትሞ ከነበረውም አብዛኛው ጠፋ። የብርሃንና ሰላም ጋዜጣም ተቋረጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በብዙ ዓመት ድካም የተዘጋጀው ታላቁ መጽሐፍ በአንድ ቤት ተከማችቶ ስለ ነበረ በአንድ ጊዜ ጠፋ። በየሐሙሱ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጠው ወረቀት ግን በየመኳንንቱ ቤት፣ በየደብሩ፣ በየሌጋሲዮኑና በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ተበትኖ ስለ ነበረ ጠላት ሊያጠፋው አልቻለም።

ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ሲቀመጡ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከእሳቸው ጋር ነበሩ። የስደት ኑሮ ምን ያህል እንደ መረራቸው ለመገመት አያስቸግርም። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ የአየሩ ቅዝቃዜ የማይስማማቸው፣ ገንዘብም ያጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ ሲሆን፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች እጅ ካለቁት ወጣት ምሁራን አንዱ ሆነ። የብዙ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የጻፉት አባት የልጃቸውን መቃብር እንኳ ለማየት አልታደሉም።

በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ በገዛ ምድሯ የራሷ ጋዜጣ አልነበራትም። በአዲስ አበባ የሚወጣው የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ የተባለው የአማርኛ ወረቀት የገዥው ልሳን ነበረ፤ የየካቲት 12 ቀንን ጭፍጨፋ እውነት ከእሱ የሚጠብቅ ማንም የለም። የኢትዮጵያን ነገር በእውነት የሚመዘግበው ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር ነበረ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባለችው እንግሊዛዊት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የሚባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ የጀመረችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዕለት ነው። ይህ ጋዜጣ የአርበኞችን ተጋድሎና የፋሽስትን ግፍ በየሳምንቱ ሲያትም ኖረ። ሁሉ ወሬው ትክክል ነበር ማለት አይቻልም፤ ከሩቅ የሚመጣ ወሬ ሲደርስ ይተልቃል ወይም ይዛባል። ሆኖም የዚያን የአምስት ዓመት ታሪክ የሚጽፍ ሰው እሱን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም።

ካዛንችስ የተባለው ሰፈር የተመሠረተው እንግዲህ የኢትዮጵያ ጋዜጣ ዝም ባለበት በዚህ ዘመን ነው። ስለ ሰፈሩ ልደት በኢትዮጵያዊ ብዕር የተጻፈ የዕለት ወሬ የማይገኘው ስለዚህ ነው። የጠላት መሐንዲስ የሠራውን ቤት የጠላት መዝገብ ይናገራል፤ ከቦታው የተነሣው ሰው ግን በዚያ መዝገብ ስም የለውም። የሰፈሩ ታሪክ በኢትዮጵያውያን እጅ መጻፍ የተጀመረው ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት መሠራት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. መቋቋምና በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ መመረቅ በየጊዜው በጋዜጣ ስለ ተጻፈ ቀኑና ሥርዓቱ አልጠፋም። የመንደሩ የውስጥ ኑሮ፣ የመጠጥ ቤቱና የሻይ ቤቱ፣ የጫማ ጠጋኙና የልብስ ሰፊው፣ የዕድሩና የማኅበሩ ነገር ግን ከነዚህ ታላላቅ በዓላት ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው የተጻፈው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ የሰውን ስም በተራ አስቀምጠው እንደ መዘገቡት ዓይነት ሥራ ለሰፈር የሠራ ሰው በጊዜው አልተነሣም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ይህን ሁሉ አላዩም። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ ከተማ ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። በስደት ያለ ቤተ መንግሥት እንደ ማዕርጋቸው ሊቀብራቸው አልቻለም፤ ልቅሶውም በአገራቸው ባሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ በግልጽ የሚደረግ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ዐፅማቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ስለ ሥራቸው የዛሬ ሊቃውንት የሚሰጡት ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለ ጥንቱ ዘመን ነገሥታት የጻፉት ከልማዳዊው የነገሥታት ዝርዝርና ከፈረንጆች መጽሐፍ የተውጣጣ ስለ ሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይነቅፉታል፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዐይናቸው ያላዩትን ሲጽፉ እንደ ዘመናቸው ሊቃውንት የተቀበሉትን ያቀብላሉ። በዐይናቸው ያዩትንና ከባለቤቱ አፍ የሰሙትን ሲጽፉ ግን የሚተካከላቸው ጥቂት ነው። የሹመቱን ቀን፣ የተማሪውን ስም፣ የመጽሐፉን ቍጥር የመሰለውን ጥቃቅን ነገር ሌላው ጸሐፊ ንቆ ሲተወው እሳቸው ለቅመው አስቀመጡት።

የታሪኩም መጽሐፍ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ከጥፋት የተረፈው ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ገና ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል፤ ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ እስከ ታላቁ የዐድዋ ድል ድረስ ያለውን ይናገራል። በዚያም ያበቃል። ከዐድዋ በኋላ ያለውን፣ ባቡሩ የገባበትን፣ ከተማዪቱም እስከ ቂርቆስ የሰፋችበትን ዘመን ነገር የሚሻ ሰው እንደ ገና ወደ የሐሙሱ ጋዜጣ ቅጠሎች ይመለሳል።